ቢጫዋ ያዘችኝ

ጥቅምት 12

ለውድ አክስቴ፣ ለእትዬ መርፌ፤

ይህች ወረቀት ስትደርስ እግርዎ የስፌት መኪናውን ፔዳል፣ ዓይንዎ የመርፌውን ቀዳዳ ሳይስት ካገኘችዎ ደስታዬ ነው። እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ሳልጽፍ ስለቆየሁ ይቅርታ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ያለፈውም ደብዳቤዬ እንዲሁ መጀመሩ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

እንዳልረሱኝ ተስፋ አደርጋለሁ። የታላቅ አጎትዎ የልጅ ልጅ ነኝ፤ ውሃ አቀብል ሲባል «ቆይ»፣ በር ዝጋ ሲባል «ቆይ» እያለ ያደገው። አቶ ቆይ ብለው ስም ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት። ሰው አገር መጥቼም ስሙ አልለቀቀኝም።

አሁን የምሠራው የበሽታዎች ምርምር በሚካሄድበት ትልቅ ተቋም ውስጥ ነው። ሐኪም የሆንኩ እንዳይመስልዎት፤ የሰነድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ የሞቱ ሰዎችን ወረቀት ሳጥን ውስጥ እየከተትኩ ቁጥር እሰጣለሁ። ሳጥኖቹ አይናገሩም፣ እኔም አልናገርም፤ ተስማምተን እንኖራለን።

ዛሬ የምጽፈው ግን ለቁም ነገር ነው። ተቋሙ የቢጫ ወባን ምርምር ታሪክ የሚያሳይ አዳራሽ ሊከፍት ነው። አዳራሹ የሚሰየመው ታላቅ ወንድምዎ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሐኪም፣ ይሠሩበት በነበረው የአገር ቤት የምርምር ጣቢያ አለቃ ስም ነው። በሽታውን ሲመራመሩ በዚያው በሽታ የሞቱት ሰዎች ስም ግድግዳው ላይ በድንጋይ ይቀረጻል። ዝርዝሩን አየሁት። ጋሼ የሉበትም። የጣቢያው መዝገብ «በወባ ሞተ» ነው የሚለው። ወባና ቢጫ ወባ ለኛ በአንድ ቃል የሚለያዩ ቢመስሉም፣ እዚህ ቤት ሁለት የተለያዩ ፎቆች ናቸው።

ጋሼ ከጣቢያው ይጽፉልዎ የነበሩትን ደብዳቤዎች አስቀምጠዋቸው ከሆነ ይላኩልኝ። ኮሚቴው የግል ደብዳቤንም በማስረጃነት እቀበላለሁ ብሏል። ከዚህ የሚፈልጉት ነገር ካለ ደግሞ ይዘዙኝ።

የእርስዎው ቆይ

*

ኅዳር 9

ለአቶ ቆይ፤

ጤና ይብዛልህ፣ ብርዱም ይራራልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ «ተይኝ» ይለኛል፣ አልተውኩትም።

ወረቀትህ ሲመጣ ሰው የሞተ መስሎኝ ወንበር ስቤ ነው የከፈትኩት። አንተ በደህና ቀን አትጽፍማ! ከፍቼ ሳነበው ግን የሞተው ሰው ሁለተኛ መሞቱን ሰማሁ። በወባ? ጋሼ በወባ? ይህን የጻፈ እጅ ይድረቅ! እስከ ዛሬ ይህ ቃል በወረቀት ላይ ሰፍሮ መኖሩን አላውቅም ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላጫውትህ። ያኔ በጣቢያው ዙሪያ ሰው ዓይኑ ቢጫ እየሆነ፣ ጥቁር እያስታወከ ይረግፍ ጀመር። አለቃው «ወባ ነው፣ የወባ ክኒን ስጡ» አለ። ክኒኑ ቢሰጥ ቢሰጥ በሽታው ወይ ፍንክች። ጋሼ «ይሄ ወባ አይደለም፣ ቢጫ ወባ ነው። የምታመጣውም ትንኝ ሌላ ናት። የወባዋ ማታ ነው የምትናከሰው፣ ይቺ በጠራራ ፀሐይ» አለው። አለቃው ግን ያንን ቃል መስማት አልፈለገም። ቃሉ ከተሰማ መንገድ ይዘጋል፣ ጭነት ይቆማል፣ ነጋዴው ይጮሃል። «በጣቢያዬ ውስጥ ቢጫ የሚል ሰው ሻንጣውን ያዘጋጅ» ብሎ ተናገረ። ከጣቢያው የሚወጣውንም ደብዳቤ እየከፈተ ያነብ ጀመር።

ጋሼ ሲከለክሉት ይብስበታል። ለእረፍት መጥቶ ሳለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ከዛሬ ጀምሮ ስሟ ቢጫዋ ነው» አለኝ። «አለቃው ሲያነብ ውሽማ የያዝኩ ይመስለዋል። ውሽማ አይከለክልም፤ ራሱም አያጣ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ በሽታዪቱም ቢጫዋ፣ ትንኟም ቢጫዋ ሆነው ቀሩ።

እኔ እዚህ ሱቄ ውስጥ የትንኝ ቤት እሰፋለት ነበር። ከቀጭን መረብ የተሠራ፣ ባንድ ጎኑ እጅጌ ያለው። በእጅጌው እጁን አስገብቶ ትንኞቹን እንዲመግብበት። ምን ይመግባቸዋል አትበለኝ፤ ክንዱን ነዋ! የመጀመሪያው እጅጌው ሰፍቶብኝ ኖሮ ግማሾቹ አመለጡ። «ለቢጫዋ የሠራሽላት ቤት በሩ ሰፊ ነው፣ ወጥታ ሄደች፤ አጥብቢው» ብሎ ጻፈልኝ።

ይህችን ደብዳቤ ሚስቱ አገኘቻት። ሙሽሪትን ነው የምልህ፤ ጸጉሯ እንደ ጥጥ ቢሆንም እኛ ቤት አሁንም ሙሽሪት ናት። «እኔ በኪራይ ቤት እየኖርኩ ለቢጫዋ ቤት ሊሠራላት ነው?» አለችና ብነግራት፣ ብምልላት እምቢ ብላ፣ በማግስቱ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ ጣቢያው ድረስ ሄደች። «የታለች?» አለችው። እሱ ሳይስቅ እጇን ይዞ ወደ ትንኝ ክፍሉ አስገባትና እጀታውን ሰብስቦ ክንዱን ወደ መረቡ ከተተ። «ይቺውልሽ» አላት። ቢጫዋ ባሏን ስትጠጣ ቆማ አየች። ከዚያ በጥፊ አለችው። ይህንንም ጽፎልኛል፤ «ጉንጬ ከክንዴ ይልቅ አበጠ» ይላል።

የመጨረሻዋ ደብዳቤ ሁለት መስመር አትሞላም። «ዛሬ ቢጫዋ ያዘችኝ። ለሙሽሪት እንዳትነግሪ» ትላለች። እኔም ወዲያው ነገርኳት። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ይከበርልኛል ብሎ ነው? አብረን ሄድን፣ በሕይወት ደረስንበት። ዓይኑን አይቼዋለሁ፣ ቢጫ ነበር። እስቲ አሁን ወባ ነው በለኝ!

እሱ ከተቀበረ በኋላ አለቃው፣ ጋሼ ከበሽተኞቹ ሰብስቦት የነበረውን ደም ለምርመራ ላከ። «ቢጫ ወባ ነው» የሚል መልስ መጣለት። «አገኘሁት» ብሎ በራሱ ስም አሳተመ። ጋሼን ግን በወባ እንደሞተ ተወው። በቢጫ ወባ ሞተ ካለ «ታዲያ ለምን ከለከልከው?» ይባላላ።

ደብዳቤዎቹን፣ ዋናዎቹን፣ ልኬልሃለሁ። አንዲት ፊደል እንዳትነካ። ላንተ የማዝህ የመኪና መርፌ ነው፤ ወፍራሙን፤ ጂንስ የሚበሳውን። እዚህ ያለው ሁለት ሱሪ ሳይሰፋ ይሰበራል።

አክስትህ

*

የካቲት 24

ለተወደዱ አክስቴ፤

ቤትዎ ሰላም፣ ሱቅዎ ደንበኛ የማይጠፋበት ይሁን። መዘግየቴን እንደተለመደው በስሜ ይቁጠሩልኝ። መርፌዎቹን በዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌያለሁ።

ደብዳቤዎቹ በደህና ደርሰዋል። ለትርጉም የተሰጡት አማርኛን ከመጽሐፍ ለተማሩ አንድ ፕሮፌሰር ነው። ደግ ሰው ናቸው፣ ሰዋስውም ከኔ የበለጠ ያውቃሉ። ትርጉሙን ከጨረሱ በኋላ ለኮሚቴው ማጠቃለያ ጻፉ። እንዴት አድርጌ እንደምነግርዎ አላውቅም፤ በቃ ልንገርዎ።

«ቢጫዋ ጸጉሯ ወርቃማ የሆነ ሴት ናት። ቀን ቀን ብቻ ትመጣለች። እግሯ ላይ ነጭ አምባር ታደርጋለች። ከውሃ በርሜል አጠገብ ስለማትጠፋ ውሃ ቀጂ ሳትሆን አትቀርም። ሐኪሙ በእህቱ በኩል ቤት ያሠራላት ሲሆን እንዳታመልጠው በሩን ያጠብባል፤ ቅናተኛ ነው። ሚስቱ ደርሳባቸው ተደባድበዋል። በመጨረሻው ደብዳቤ፦ ዛሬ ቢጫዋ አቀፈችኝ፣ ለሚስቴ እንዳትነግሪ ይላል።»

ኮሚቴው ይህን ሰምቶ «የግል የፍቅር ጉዳይ ነው፣ ከታሪኩ ጋር አይገናኝም» ብሎ ወሰነ። ወባ የሚል ቃል የተገኘባቸው ሁለት ደብዳቤዎች ወደ ወባ ፎቅ ተላኩ። የቀሩት እንዲመለሱልዎ ታዟል፤ ለዚህም እንዲፈርሙ አንድ ወረቀት አያይዤያለሁ።

የኮሚቴው ጸሐፊ ሌላም ሐሳብ አቅርባለች። እርስዎ ደብዳቤዎቹን እንደገና ገልብጠው ቢልኩ፣ ቢጫዋ የሚለውን ሁሉ ቢጫ ወባ ቢያደርጉት፣ ሚስቲቱን፣ ጥፊውንና ደብዳቤ መክፈት ሳይጀመር በአለቃው ላይ የተጻፈውን ስድብ ቢያወጡት፣ ያኔ ሊታይ ይችላል ብላለች። እኔም ይህ ይሻላል እላለሁ።

አንተ እዚያ ተቀምጠህ ለምን አልተናገርክም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የሥራ ውሌ በሰኔ ያልቃል። የሚያድሱት የኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ የዚያ አለቃ ተማሪ ነበሩ። ትንሽ ቆይቼ፣ ጊዜ አይቼ እናገራለሁ ብዬ ነው።

ቆይ

*

መጋቢት 10

ለቆይ፤

«አቶ»ውን ወስጄብሃለሁ።

ሰላምታ የለኝም ልል ነበር። እናቴ ግን ሰላምታ ያልያዘ ደብዳቤ መንገድ ላይ ይቀራል ትል ስለነበር፣ እንደምን ከረምክ። ጨረስኩ።

ወርቃማ ጸጉር! መጀመሪያስ ሳቅሁ። ቀሚስ ልትለካ የቆመች ደንበኛዬ እስክትደነግጥ ድረስ ነው የሳቅሁት። ከዚያ «አቀፈችኝ» የሚለው ላይ ስደርስ መቀሱን አስቀመጥኩት። ሰውዬው ሊሞት ሲል እኮ ነው የጻፈው! ሰውነቱ እየነደደ፣ ብዕር መያዝ እያቃተው። ወባ ያዘችኝ፣ ሳል ያዘኝ፣ ቁርጥማት ያዘኝ ሳይል ያደገ ሰው ማን አለ? ይህን ፕሮፌሰሩን መጽሐፉ አላስተማራቸው ይሆናል፤ አንተን ግን እናትህ አስተምራሃለች።

ፕሮፌሰሩን አልተቀየምኩም። ጋሼ ለአለቃው ያጠመደው ወጥመድ ነው የያዛቸው፤ እንዲያውም ወጥመዱ ምን ያህል ጥሩ እንደነበር አየሁ። የተቀየምኩት አንተን ነው። ቋንቋውን እያወቅህ፣ ሟቹን እያወቅህ፣ ቁጭ ብለህ «አቀፈችኝ» ሲባል ሰማህ።

ገልብጪልን ነው የምትሉኝ? ምን ቆርጦኝ! ሚስቱን አውጪ፣ ጥፊውን አውጪ፣ ስድቡን አውጪ፤ ከዚያ ምን ይቀራል? የአለቃው ዓይነት ሪፖርት! ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ሳሰፋና ሳጠብ ኖሬያለሁ፤ የሞተ ሰው ቃል ግን በደንበኛ ልክ አላጠብም። ደግሞስ ጋሼ ቢጫዋ ያለው ለምን ሆነና? ቢጫ ወባ እንዳይል ስለከለከሉት አይደል? ቃሉን ከቀየርኩት መከልከሉም አብሮ ይጠፋል። ታሪኩ እኮ እሱ ነው ልጄ! በሽታዪቱን ማወቁ ብቻ አይደለም፤ አፉን ይዘውት ማወቁ ነው።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አጥሩን የነቀነቁት አንተ ከውስጥ በሩን ከፍተህላቸው ነው። ውልህ እንደሚያሳስብህ አውቃለሁ፣ የዕለት ጉርስ ነው፣ አልፈርድብህም ልል ነበር። እፈርድብሃለሁ።

ፈርሚ ያልከኝን ወረቀት ለአንገትጌ ቅድ ቆረጥኩት፤ ወረቀቱ ጠንካራ ነው፣ እግዜር ይስጣቸው። መርፌዎቹን ግን መልሼልሃለሁ። ወፍራሙን ብልህ ቀጭኑን ላክህ፤ ነገርህ ሁሉ እንዲሁ ነው።

ለሙሽሪት ምንም አልነገርኳትም። «ምን አለ ያ ልጅ?» እያለች በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ደህና ነው እላታለሁ። በእርጅናዬ ውሸት አስተማርከኝ።

መርፌ

*

ሚያዝያ 21

ለአክስቴ፤

ደብዳቤዎ እንደ ስምዎ ወጋኝ። እንኳንም ወጋኝ። ጤናዎን እመኛለሁ፤ ቁጣዎ እንዳለ ሆኖ።

ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ መስኮት አለው። በር ላይ ቆሜ ለራሴ ቆይ ልል ስል «አንተን ግን እናትህ አስተምራሃለች» ያሉኝ ትዝ አለኝና አንኳኳሁ። ብዙ አላወራሁም። «ጌታዬ፣ እኛ ስንታመም በሽታው ያዘን ነው የምንለው። ወባ ደግሞ ሴት ናት» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ያቺን አጭር ደብዳቤ ጮክ ብለው በአማርኛ አነበቧት። ለካ እስከዚያች ቀን ድረስ ድምፅ አውጥተው አንብበዋት አያውቁም። «ይህ ሰው እየሞተ ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ።

ትርጉማቸውን ለማንሳት ፈቃደኛ ናቸው። ነገር ግን ሰብሳቢው ዝም ብለው እንደማይቀበሉ ነገሩኝ። እኔ ዘመድ ነኝ፣ እርስዎ እህት ነዎት፤ ለስሙ ስንል የፈጠርነው ነው ይሉናል። «ያቺ ሴት አለመኖሯን፣ ሰውየውም በምን እንደሞተ ያየ፣ ለመዋሸት ምክንያት የሌለው ሰው ያስፈልጋል» አሉኝ። ባሏ ውሽማ አልነበረውም ብላ ለመመስከር ከሚስት የበለጠ መብት ያለው ማን ነው? እናም ሙሽሪትን ይጠይቁልኝ። ኮሚቴው በሰኔ አጋማሽ ይሰበሰባል።

ወፍራሞቹን መርፌዎች ልኬያለሁ። በጂንስ ሱሪዬ ላይ ሞክሬያቸዋለሁ፤ ይበሳሉ።

ቆይ

*

ግንቦት 14

ለቆይ፤

ደህና ሁንልኝ። «አቶ»ው ገና ነው፣ ግን ከመሳቢያው አውጥቼ እያየሁት ነው። መርፌዎቹ ጥሩ ናቸው።

ለሙሽሪት ነገርኳት። ከኔ ክፍል ግቢውን ተሻግሮ ነው የምትኖረው፤ ገባሁና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ወርቃማውን ጸጉር ስነግራት አልሳቀችም። «አሁንም?» ብቻ አለች። ያኔ ጣቢያ ድረስ መሄዷ ተወርቶ ሰፈሩ ሁሉ «ቢጫዋ የቀማቻት» ሲላት ነው የኖረው። ገበያ ስትወጣ ሴቶች ይጠቃቀሱባት ነበር። እውነቱን እንዳትናገር ደግሞ ጋሼ ሥራውን ያጣል። እሱ ከሞተ በኋላ ማን ያምናታል? «በጎረቤት የተሳቀብኝ አይበቃም? በማላውቀው አገር ደግሞ ይሳቅብኝ?» አለችና በሩን አሳየችኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሷስ ጆሮ ሁሉንም ሰምቶ ነው የኖረው። እኔም አላስጨነቅኋትም፤ ወጣሁ።

ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። ከዚያ ትናንት ጠዋት ሱቅ ስከፍት ቀድማኝ በሩ ላይ ቆማለች። የደህና ቀን ልብሷን ለብሳለች። የመለኪያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና «ጻፊ። የምልሽን ብቻ ነው የምትጽፊ፤ የራስሽን እንዳትጨምሪበት፣ አውቅሻለሁ» አለችኝ። ይኸውልህ፤ የጨመርኩበት ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው።

«ለኮሚቴው። የሟቹ ሚስት ነኝ። ባሌ ውሽማ ነበረችው አላችሁ አሉ። ከናንተ በፊት ያልኩት እኔ ነኝ፣ በጥፊም መትቼዋለሁ፤ ስለዚህ በዚህ ነገር ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢጫዋን በዓይኔ አይቻታለሁ። ከጥፍሬ ታንሳለች፣ እግሯ ላይ ነጭ ነጭ አለባት። ክንዱን ስትጠጣ ቆሜ አይቻለሁ። በኋላ ያደረገችውንም አይቻለሁ። ዓይኑን ቢጫ አድርጋ፣ ደሙን በአፉ እያወጣች ነው የወሰደችብኝ። ራሱን ደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ያስታወከው እኔው ልብስ ላይ ነው፤ ባጥበው ባጥበው አልለቀቀም። ባሌን ስለወሰደችብኝ ውሽማ ናት ካላችሁ፣ ይሁን፣ ውሽማ ናት። ግን ስሟን በትክክል ጻፉ። ወባ አይደለችም።»

ከፈረመች በኋላ «አንብቢልኝ» አለችኝ። አነበብኩላት። «ጥፊውን እንዳያወጡት» አለችና ተነስታ ወጣች። ሰማህ? ጥፊውን እንዳያወጡት።

አክስትህ

*

ሰኔ 29

ለአክስቴ ለእትዬ መርፌ፣ ለሙሽሪትም፤

ሁለታችሁም ደህና ሁኑልኝ፤ ይህን ደብዳቤ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ስሙት።

እዚህ ቤት አንድ ሕግ አለ። አንዴ ቁጥር የተሰጠው ወረቀት ከመደርደሪያው አይወጣም፤ የተጻፈለት ካርድም አይፋቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለኛ ክፍል ነው እያልኩ ስስቅበት ኖሬያለሁ። በስብሰባው ቀን ጠዋት በማለዳ ገባሁ። ወደ ወባ ፎቅ ወጥቼ ገና ቁጥር ያላገኙትን ሁለቱን ደብዳቤዎች አመጣሁ፤ ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር በደረጃ ነው የወረድኩት። ከሌሎቹ ጋር፣ ከሙሽሪትም ቃል ጋር፣ ቢጫ ወባ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ለያንዳንዳቸው ቁጥር ሰጠኋቸው። ቁጥር መስጠት ሥራዬ ነው፤ ማንንም አላስፈቀድኩም።

በስብሰባ ላይ የኔ ድርሻ ወረቀት ማደል ነው፤ መናገር አይደለም። የጋሼ ጉዳይ ሲነሳ ሰብሳቢው «ይህ ለሌላ ጊዜ ይቆይ» አሉ። አክስቴ፣ ያንን ቃል በዓለም ላይ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም! ስንት ነገር እንደሚቀበርበት አውቃለሁ። «አይቆይም» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። ቆሜ የሙሽሪትን ቃል በአማርኛ አነበብኩ። ከዚያ ፕሮፌሰሩ ተነስተው እዚያው በቃላቸው ተረጎሙት። ጥፊው ላይ አንዳንዶች ሳቁ። «ስሟን በትክክል ጻፉ» ላይ ሲደርሱ የሚስቅ አልነበረም። ፕሮፌሰሩ «አቀፈችኝ ብዬ የተረጎምኩት ስህተት ነው። ሰውየው መታመሙን ነበር የተናገረው። ትርጉሜን አንስቻለሁ» ብለው ተቀመጡ።

ሰብሳቢው ደብዳቤዎቹ ለባለቤቶቹ እንዲመለሱ አዘዙኝ። ቁጥር አላቸው አልኳቸው። ፋቀው አሉኝ። አይፋቅም፣ ሕጉን የፈረሙት እርስዎ ነዎት አልኳቸው። ጆሯቸው ቀላ። ከብዙ ንግግር በኋላ መዝገቡ ተስተካከለ፤ «በወባ» የሚለው «በቢጫ ወባ» ተባለ። ድንጋዩ ግን ተቀርጾ አልቋል፣ ስሙ ወደፊት ይታያል አሉ። በማግስቱ ውሌ እንደማይታደስ በደብዳቤ ተነገረኝ፣ ቁልፉን እንዳስረክብም ታዘዝኩ። ድንጋይ ጠራቢው ካልመጣ ቁልፉን አላስረክብም አልኩ። ጥበቃውም ሊያስወጣኝ መጥቶ ነገሩን ሲሰማ ወንበር አመጣልኝ። ቁልፉ ሲጨንቃቸው ጠራቢውን ጠሩት፤ ትናንት መጣ። የጋሼ ስም ከሁሉም በታች ነው ያለው፤ ቦታው ስለጠበበ ፊደሎቹ ተጣብቀዋል። እርስዎ ቢሆኑ ያሰፉት ነበር።

ከመውጣቴ በፊት የጻፍኩትን ካርድ ልንገራችሁ። በራሳችን ፊደል ነው የጻፍኩት፤ የሚያነበው ሰው ይማር። «ከምርምር ጣቢያ የተጻፉ ደብዳቤዎች። ጸሐፊው ሐኪም፣ በቢጫ ወባ የሞተ። ቃሉ ተከልክሎ ስለነበር ቢጫዋ ብሎ ጻፈ። ጥፊው አልወጣም። በደብዳቤዎቹ ውስጥ የሚገኙት፣ በፊደል ተራ፦ መርፌ፣ ሙሽሪት፣ ቢጫዋ።»

ያው እንግዲህ ካርድ አይፋቅም።

የእናንተው ቆይ

*

ሐምሌ 18

ለአቶ አልቆይም፤

ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ይኸው ነው። «አቶ»ውን በሁለት እጄ መልሼልሃለሁ። ጤናህ ይመለስ፣ የሄድክበት ይቅናህ።

ሥራህን ማጣትህን በአንድ መስመር አልፈኸዋል፤ እኔም በአንድ መስመር እመልስልሃለሁ። አዘንኩ፣ ኮራሁም። ከሱቁ ጀርባ ያለው ክፍል ባዶ ነው፣ መስኮትም አለው። ና ብዬ አላስጨንቅህም፤ ክፍሉ ግን አለ።

ደብዳቤህን እንዳልከው ሙሽሪትን ከጎኔ አስቀምጬ አነበብኩላት። ድንጋዩ ላይ መውጣቱን ስትሰማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ብዙ አለቀሰች፤ እኔም አልቀረሁም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ሲቀበር ያላለቀስነውን ነው ያለቀስነው፤ ያኔ «በወባ ሞተ» ሲሉን ከሐዘኑ ቁጣው በልጦብን ነበር።

ስታበቃ አፍንጫዋን ጠራረገችና «ካርዱን ድገሚልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት።

«ማነው የቀደመው?» አለች።

«እኔ ነኛ። መርፌ።»

«መቼም አንቺ የማትቀድሚበት የለም። ቀጥሎስ?»

«አንቺ።»

«እሷስ?»

«‘መ’ ከ‘በ’ ይቀድም የለ? ከኋላሽ ናት።»

ትንሽ አሰበች። ልብሷን አስተካክላ ተነሳች።

«ጥሩ። እዚያው ትቁም» አለች።

አክስትህ መርፌ